የቀኝ በኩል ፍሬን

ጅጅጋ ውስጥ አንድ ሰው ስለ መኪናው ፍሬን አብዝቶ ሲያወራ ከሰማችሁ ሁለት ነገር ጠርጥሩ፤ ወይ መኪናዋን ሊሸጥላችሁ ነው፣ ወይ በቅርቡ አንድ ነገር ገጭቷል። እኔ መኪናዬን አልሸጥም። የገጨሁትን ደግሞ ቦታው ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ፤ አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። የመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ገቢ ደብዳቤ እቀበላለሁ፣ ወጪ ደብዳቤ እሸኛለሁ። በጠረጴዛዬ ላይ ከደብዳቤ የፈጠነ ነገር አልፎ አያውቅም፤ የእኛ ቢሮ ደብዳቤ እንዴት እንደሚሄድ ደግሞ ጉዳይ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ያውም በሦስተኛው ፈተና። ለሌላ ሰው ይህ ትንሽ ነውር ነው። ለእኔ ግን ትልቅ ነበር፤ ምክንያቱም አባቴ ሹፌር ነው።

አያቴ ወታደር ሆኖ መጥቶ እዚሁ ቀረ። አባቴ እዚህ ተወልዶ መንገድ ላይ ኖረ፤ ከደወሌ ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ ጅጅጋ፣ ከጅጅጋ ቶጎጫሌ ጭነት ሲያመላልስ ጸጉሩ ሸበተ። እኔ ደግሞ እዚህ ተወልጄ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የቤተሰባችን ጉዞ እያጠረ የመጣ ጉዞ ነው። አባቴ ስለ መንዳት የሰጠኝ ምክር አንድ ብቻ ነው፤ «ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ» የሚል። እሱንም የነገረኝ ካራማራን ስንወርድ እንጂ ቤት ቁጭ ብለን አይደለም። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው አባቴን ሳያውቀው አይቀርም።

መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ የሄደ ቀን ሐኪሙ ግራ ዓይኑን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። አባቴ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ቤት መጣ፣ ጫማውን አወለቀና ተኛ። በቃ ተኛ። እናቴ በሕይወት የለችም፤ «ተነስ» የሚለው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ እኔን ደግሞ ማን ይሰማል። እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ደሙ ደህና፣ ልቡ ደህና፣ ኩላሊቱ ደህና ነው አሉኝ። «ታዲያ ምን ሆኖ ነው?» ስላቸው «ከቤት ይውጣ፤ አለዚያ እዚያው አልጋ ላይ ያልቃል» አሉኝ። ሁለት ወር ሙሉ ቤተ ክርስቲያን እንኳን አልሄደም።

መኪናዋን የገዛሁት ለእሱ ብዬ ነው ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። የገዛሁት ግን የባጃጅ አቧራ ሰልችቶኝና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰው መስሎ መታየት አምሮኝ ነው። በቶጎጫሌ በኩል የገባች ቪትዝ ናት። ከወዲያ ማዶ የሚመጡት መሪያቸው በቀኝ ነው፤ እኛ ዘንድ ሲደርሱ መሪውን ወደ ግራ የሚያዞሩ ሰዎች አሉ። የእኔዋን ማን እንዳዞራት አላውቅም። የሸጠልኝ ሰውም «እጁ ወርቅ ነው» ከማለት በቀር አያውቅም።

ያመጣኋት ቀን አባቴ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ በነጠላ ጫማ ወጣ። ዞራት። ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ። ከዚያ በቀኝ በኩል የፊተኛውን በር ከፍቶ ተቀመጠና «ንዳት እስቲ» አለኝ። በሁለት ወር ውስጥ ያለኝ ረጅሙ ንግግር ይህ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ተነሳ። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላውን ቀን ከሥራ መልስ ከተማውን አንድ ዙር። ከመውጣታችን ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ በር ላይ ይጠብቀኛል። ወንበሩ ላይ የራሱን ትራስ አኖረ። ስለዚህ እኔ መኪና ስላችሁ ሰዎች የሚነዱት ነገር አድርጋችሁ አትቁጠሩት። አባቴን ከአልጋ የምታነሳው እሷ ብቻ ነበረች፤ እኔም ይህን አውቅ ነበር። ማወቄን ያዙልኝ፣ በኋላ ሰበብ እንዳላበዛባችሁ።

አሁን ወደ ፍሬኑ። የዚያች መኪና ፍሬን ሐሳብ ያነብ ነበር። ፍየል ሊገባ ሲል፣ ባጃጅ ሳያሳይ ሲታጠፍ፣ እኔ ገና «ወይኔ» ሳልል መኪናዋ ቆማለች። እግሬን ፔዳሉ ላይ ማሳረፍ ብቻ ነው። አንድ ቀን አባቴንና የቢሮ ጓደኛዬን ዴርን ይዤ ስሄድ አንድ ሚኒባስ መሐል መንገድ ላይ ቀጥ አለ፤ በእኛና በእሱ መካከል የቀረው አንድ ክንድ ነው። ዴር ከኋላ ወንበር ሆኖ «ማሻአላህ! ይሄ ፍሬን አይደለም፣ ዱዓ ነው!» አለ። እኔ አንገቴን ቀና አድርጌ «እግር ነው ወንድሜ፣ የሹፌር ልጅ እኮ ነኝ» አልኩት። አባቴ በመስኮት ወደ ውጭ ያይ ነበር።

ዴር እውነተኛ ስሙ አይደለም። በሶማሊኛ ረጅም ማለት ነው። እዚህ ከተማ ሰው በስሙ አይጠራም፤ ወይ በጎደለው ወይ በተረፈው ይጠራል። ዴርን የተረፈው ቁመት ነው።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኝ ነበር። ብቻዬን ስነዳት ያቺው መኪና ሌላ ትሆናለች። ፔዳሉ ይሰምጣል፣ ባለ በሌለ ኃይሌ እረግጣለሁ፣ እሷ ግን ከፈለግሁት ቦታ አንድ ባጃጅ ያህል አልፋ ነው የምትቆመው። ብዙ አሰብኩና መልስ አገኘሁ፦ ክብደት ነው። አባቴ በቀኝ በኩል ሲቀመጥ ሚዛኗ ይስተካከልና መሬቱን ቆንጥጣ ትይዛለች። ይህን ለዴር ሳስረዳው «ወላሂ ልክ ነህ» አለኝ። ሁለት የማያውቁ ሰዎች አንድ ነገር ላይ ከተስማሙ እኛ ቢሮ ውስጥ ጥናት ይባላል።

ዴር በስልኩ ላይ የውጭ አገር ሰዎች የቤት መኪናቸውን ወደ ውድድር ሜዳ ወስደው ሲያበሩ ያይ ነበር። ሥራቸውን ሲጨርሱ በዚያችው መኪና ገበያ ይሄዳሉ። እያየ እያየ አንድ ቀን ማኅበር አቋቋመ፣ ሊቀመንበሩም ራሱ ሆነ። ሜዳው ወደ ሐርተሼክ በሚያስወጣው በኩል ተሠርቶ ያልተከፈተ አስፋልት ነው፤ ከየትም አይነሳም፣ የትም አይደርስም። ሠሪዎቹ ጥለውት ከሄዱ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ፍየሎች ፀሐይ ይሞቁበታል። ውድድሩ እሁድ ጠዋት ነው፤ ደንቡም የዴር የራሱ ፈጠራ ነው። ተነስተህ ትሮጣለህ፤ መጨረሻ ላይ በኖራ የተሰመረ መስመር አለ፤ የፊት ጎማህን መስመሩ ላይ ማቆም አለብህ። የቀረበ ያሸንፋል።

«መሮጥማ ማንም ይሮጣል፤ ሰው የሚለየው ሲያቆም ነው» አለኝ ዴር። «የአንተ ፍሬን ደግሞ የታወቀ ነው። ትገባለህ አይደል?»

በሕይወቴ ማንም ለምንም ውድድር ጋብዞኝ አያውቅም። ገባሁ።

ዴር ዝርዝር ሰጠኝ። አዲስ የፍሬን ሸራ፤ ሙቀት የሚችል የፍሬን ዘይት፤ ያልተላጠ ጎማ፤ የራስ ቆብ፤ መኪናው ውስጥ ያለ ልቅ ነገር ሁሉ ይውጣ። እኔ የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ፣ ፋይል ከፈትኩ። ርእስ፦ «የፍሬን ዝግጅትን ይመለከታል።» የመጀመሪያው ተግባር ልቅ ነገር ማውጣት ስለነበር የአባቴን ትራስ፣ ጃንጥላውን፣ የእጅ ባትሪውንና የመቁጠሪያውን ከረጢት አውጥቼ በረንዳ ላይ ደረደርኩ። አባቴ በር ላይ ቆሞ ያየኛል።

«ምን ልታደርጋት ነው?»

«ውድድር አለብኝ አባዬ። ፍሬኗን ላሠራው ነው።»

«ፍሬኗ ምን ሆነ?»

«ምንም። እንዲያውም በጣም ጥሩ ስለሆነ ነው።»

በደህነኛው ዓይኑ ረዘም ላለ ጊዜ አየኝ። «በውድድሩ ብቻህን ነው የምትነዳት?»

«ብቻዬን ነው።»

«ተው ይቅርብህ» አለኝ።

ቅናት መሰለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ከሥራ የወጣ ሽማግሌ በልጁ ቀንቶ ነው ብዬ አሰብኩ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የተባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

ጋራዡ የጉሌድ ነው። ጉሌድ በከተማው የታወቀ መካኒክ ነው፤ ብዙ ይስቃል፣ ሥራ ላይ ግን ቀልድ የለውም። «ሁሉንም ልይልህ?» ሲለኝ «አይ፣ ጎማው ጋ ያለውን ብቻ ቀይር፤ ሌላው የሚነካ አይደለም» አልኩት። ሸራውን ቀየረ፣ ዘይቱን ቀየረ፣ አየሩን አስወጣ። ከዚያ አዲስ ሸራ እንዲለማመድ አሥር ጊዜ ያህል እየሮጥኩ፣ ሙሉ በሙሉ ሳልቆም እየያዝኩ እንድለቅ ነገረኝ።

እንግዲህ የእኔ ጥናት እዚህ ላይ ገባ። በውድድሩ አባቴ አብሮኝ አይኖርም፤ ሰው መጫን ክልክል ነው። ስለ ሩዝ ግን ደንቡ ምንም አይልም። አንድ ኩንታል ሩዝ ገዝቼ ግማሹን ቤት ገልብጬ፣ የቀረውን በጆንያ አድርጌ በአባቴ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። መኪናዋ ቀበቶ ያልታሰረ ነገር ሲቀመጥ ትጮሃለች፤ ስለዚህ ሩዙን ቀበቶ አሰርኩት። በቶጎጫሌ መንገድ ወጣሁ። እሮጣለሁ፣ እረግጣለሁ፣ ትሰምጣለች፣ እንደምንም ትይዛለች። ሸራው ገና አልለመደም ብዬ ዞሬ ወደ ከተማ እየሮጥኩ እየያዝኩ ተመለስኩ። ከኋላዬ ያሉ ሚኒባሶች የጮሁብኝን ጡሩምባ የሰማ ሰርግ ነው ይላል። እንዲህ እያልኩ ኬላ ደረስኩ።

«ከየት ነው?» አለኝ ፈታሹ።

«ከጅጅጋ።»

«ወዴት?»

«ወደ ጅጅጋ።»

ትንሽ አሰበበት። «ለምንድን ነው እየሮጥክ እየቆምክ የምትመጣው?»

«ፍሬን እያለማመድኩ ነው።»

«ፍሬኑ አያውቅም?» አለና ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየ። «ይሄስ?»

«ሩዝ ነው።»

«ሩዝ መሆኑን አየሁ። ለምን ቀበቶ አሰረ?»

«አባቴን ተክቶ ነው» አልኩ።

አንዳንድ ጊዜ እውነት ከውሸት የባሰ ያስጠረጥራል። ከጠረፍ በኩል ሩዝ ይዞ የሚመጣ ሰው በየቀኑ ያያሉ፤ ሩዙን ከጅጅጋ ገዝቶ፣ አንሸራሽሮ፣ መልሶ ጅጅጋ የሚያስገባ ሰው ግን አይተው አያውቁም። ጆንያውን በቀጭን ብረት አሥር ቦታ ወጉት። ሩዝ ሆኖ ተገኘ። ፈታሹ ሲያሰናብተኝ እንደ በሽተኛ በሐዘኔታ ነበር የሚያየኝ።

ከተማ የገባሁት ጫት የሚገባበት ሰዓት ላይ ነው። ያን ሰዓት ጅጅጋ ውስጥ ምንም ነገር መግጨት አያስፈልግም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጫት። ፊት ለፊቴ አንድ ባጃጅ ሰው ሊጭን ቆመ። ረገጥኩ። ሰመጠ። ደግሜ ረገጥኩ። ሩዙ ምንም አላገዘኝም። ባጃጁን ላድን መሪውን ስጠመዝዝ ከሰፈር ጫት ሻጮች ሁሉ ኃይለኛዋ ወደሆነችው ወደ ኡባህ ጠረጴዛ ሄድኩ። ሰዉ «ጆግ! ጆግ!» ይለኛል፤ ቁም ማለታቸው ነው፣ እኔም የምፈልገው እሱኑ ነበር። የጠረጴዛው ሁለት እግር ተሰበረ፣ እስሩ ሁሉ አስፋልት ላይ ተበተነ። ሃያ ሰው ተሯሩጦ መጣና ጫቱን አነሳ። እኔን «ተረፍክ?» ያለኝ ሰው አልነበረም።

ኡባህ ወገቧን ይዛ መስኮቴ ላይ ቆመች። «ዋርያ! አዴር አብሮህ ሲሆን በሥርዓት ትቆማለህ። ዛሬ ሩዝ ይዘህ ልትገድለን ነው?»

ጠረጴዛዋን ላሠራላት ቃል ገባሁ፤ ሩዙን እሷው ወሰደችው። ነገሩ ግን ከእኔ ቀድሞ ገብቷታል፤ ዋርያ ማለት አንተ ሰውዬ፣ አዴር ማለት አጎት ነው፤ አባቴን ማለቷ ነው።

በማግስቱ ጉሌድ ጋ ሄድኩና «ያስገባኸው ሸራ አይረባም» ብዬ ጮህኩ። ጉሌድ መኪናዋን ነድቶ አያት፣ መጣ፣ በግራ በኩል ከመሪው ሥር ገብቶ አየ፣ ከዚያ ዞሮ በቀኝ በኩል በጀርባው ተንጋለለ። ብዙ ቆየ። ሲያፏጭ ነበር፤ ማፏጨቱን አቆመ።

«ና እይ» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። መኪናዋን ያዞራት ያ እጀ ወርቅ ሰው እውነተኛውን ፍሬን ከቦታው አላነሳውም። በቀኝ በኩል፣ በተሳፋሪው እግር ሥር፣ የእግር መርገጫውን ብቻ ቆርጦ የብረት ክንዱን ትቶታል። በግራ በኩል እኔ የምረግጠው ፔዳል በአንዲት ቀጭን ዘንግ ከእሱ ጋር ተበይዷል።

«ይቺ ዘንግ ቀጭን ናት» አለ ጉሌድ። «አንተ ስትረግጥ ትለምጣለች። ከኃይልህ ግማሹ ነው የሚደርሰው። ዋናው ፍሬን ይሄ ነው፣ የቀኙ።» ጣቱን በተቆረጠው ክንድ ጫፍ ላይ አሳረፈ። ጫፉ ዝገት አልነበረበትም፤ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ከሥሩ ያለው ምንጣፍ ተረከዝ በሚያርፍበት ቦታ ተበስቷል። «እዚህ ማን ነው የሚቀመጠው?»

«አባቴ።»

«አዴር ሹፌር ነበር አይደል?»

«ነበር።»

«አሁንም ነው» አለ ጉሌድ።

አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ዓመት። ሦስት ዓመት ሙሉ ፍየሉን ያዳነው፣ ሚኒባሱ ጋ ያቆመን፣ ዴር ዱዓ ነው ያለው፣ እሱ ነው። እኔ ምግብ ላይ «ዛሬ እንዴት እንደያዝኳት አየህ?» ስለው እንጀራውን እየጎረሰ «አየሁ» ይለኝ ነበር። መጀመሪያ አፈርኩ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ከዚያ እፍረቱ ሄዶ ንዴት መጣ፤ እፍረት የሚቀመጥበት ሲያጣ ንዴት ይሆናል። የአርባ አንድ ዓመት ሰው ነኝ፤ እንደ ሕፃን እጄን ይዞ ሲያስነዳኝ ኖሯል ለካ።

«ቁረጠው» አልኩ።

ጉሌድ ተነሳ። «ስማኝ፣ ሌላም መንገድ አለ። ወፍራም ዘንግ እሠራለሁ፣ ለአዴርም መርገጫ አደርግለታለሁ፤ ልክ እንደ መንጃ ትምህርት ቤት መኪና። ለሁለታችሁም ይሆናል፣ ወላሂ።»

«ዋናውን ወደ ግራ አዙረው። በቀኝ በኩል ምንም እንዳይቀር።»

«አዴርን ጠይቀኸዋል?»

«መኪናዋ የማን ናት?» አልኩት።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። አባቴን ፊት ለፊት ለመናገር ድፍረት ስላልነበረኝ ብረቱን አስቆረጥኩት። ሥራው አራት ቀን ፈጀ፤ ጉሌድ እንደሚገባው ሠራው። በቀኝ በኩል አዲስ ምንጣፍ አነጠፍኩ። ወጥቼ ስሞክራት ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። ለአባቴ ምንም አልነገርኩትም።

እሁድ ጠዋት እኔ ስነሳ አባቴ ኮቱን ለብሶ በር ላይ ቆሟል። «ልይህ» አለኝ። ትራስ በሌለው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ወጣን።

የመጀመሪያው አደባባይ ጋ ስንደርስ አንዲት ሴት ልጇን ይዛ ልትሻገር ገባች። በጎን ዓይኔ አየሁት። የአባቴ ቀኝ እግር ወደፊት ሄደ። ምንጣፍ አገኘ። ትንሽ ወደ ግራ ፈለገ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፤ ሰው ከአልጋ ሥር ነጠላ ጫማውን በእግሩ እንደሚፈልግ። ደግሞ ረገጠ። ምንም። እኔ ራሴ ያዝኩ፣ ሴትዮዋ አለፈች። አባቴ ሁለት እግሮቹን ቀስ ብሎ ሰበሰበና ሰው ቤት እንደገባ እንግዳ አጣምሮ ወንበሩ ሥር አስገባቸው። የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ አባዬ ይቅርታ፣ ወይም ለምን አልነገርከኝም፣ ወይም አመሰግናለሁ። እኔም የእሱ ልጅ ነኝና ዝም አልኩ።

ሜዳው ላይ ሰባት መኪና ተሰልፏል። የራስ ቆብ የተባለው የግንባታ ሠራተኞች ቢጫ ቆብ ነው፤ አገጭ ሥር የሚታሰርበት ገመድ የለውም። ፍየሎቹ በስንት ልመና ተነሱ፤ አንድ ግመል ግን መስመሩ ጋ ቆሞ የዴርን ደንብ አልቀበልም አለ፣ ጌታው ተጠርቶ መጣ። ከእኔ በፊት የነዱት ሁሉ መስመሩን አልፈው ቆሙ። አንዱማ ጭራሽ ከአስፋልቱ ወጥቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ዴር ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ያንተ ነው» አለኝ።

ተነሳሁ። ሮጥኩ። መስመሩ ገና ሩቅ ነው። ሦስት ዓመት ብቻዬን ስሆን የለመድኩት ግን ቀደም ብሎ፣ በሙሉ ኃይል፣ መቀመጫዬን እስካነሳ ድረስ መርገጥ ነው። እንደዚያው ረገጥኩ። መኪናዋ ግድግዳ የገጨች ይመስል ቀጥ አለች። ቆቡ ወርዶ ዓይኔን ሸፈነኝ፣ ግንባሬ መሪውን መታ፣ ጡሩምባውም ጮኸ። ቆቡን ሳነሳው መስመሩ ከፊቴ አለ፤ በጣም ከፊቴ። ዴር መጥቶ በርምጃ ለካው። በእሱ እግር ሠላሳ ሁለት ወጣ፤ በሌላ ሰው እግር ሃምሳ ነው።

ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ያን ቀን ስም ወጣልኝ፤ «ሳይደርስ» ተባልኩ። ዛሬ ቢሮ ደብዳቤ ሲመጣ «ለሳይደርስ ስጠው» ይባላል። ባለጉዳዮች እውነተኛ ስሜ እየመሰላቸው «አቶ ሳይደርስ» ይሉኛል።

ግንባሬን እያሻሸሁ አባቴን ፈለግሁት። መንገዱ ዳር ባርኔጣውን ይዞ ቆሟል። ሁሉም ሲስቅ እሱ አልሳቀም። ወደ መኪናዋ መጣ። እኔ የፊተኛውን በር ከፈትኩለት። እሱ አለፈኝና የኋላውን ከፈተ።

«አባዬ፣ ከፊት ነው እንጂ።»

«እዚህ ደህና ነኝ።»

«ከኋላ ጠባብ ነው፤ እግርህ አይዘረጋም።»

«እግሬን ምን አደርገዋለሁ» አለኝ።

ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደርሶ፣ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ በጎን መስኮት እያየ ቤት ገባን። በመንገዳችን ላይ ሦስት ጊዜ ያዝኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ በጥሩ ሁኔታ። በመስታወት ሳየው ወደፊት አያይም ነበር።

ሰኞ ከቢሮ አስፈቅጄ ጉሌድ ጋ ሄድኩ። «ያልከውን ሥራልኝ፤ የሁለቱን» አልኩት። ጉሌድ «ነግሬህ ነበር» አላለኝም፤ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ወፍራም ዘንግ አስገባ፣ በቀኝ በኩል ሰፊ መርገጫ ሠራ፣ ላስቲክ አለበሰው። በእነዚያ ቀናት አባቴ በር ላይ አልጠበቀኝም። መኪናዋ ጋራዥ ስለሆነች ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ሐሙስ ከሰዓት መኪናዋን ግቢ አስገብቼ ጡሩምባ ነፋሁ። አልወጣም። ገባሁ። ጫማው ከአልጋው ሥር ተቀምጧል፤ ያኔ ወረቀቱን አጥፎ በመጣበት ቀን እንደነበረው። ወደ ግድግዳ ዞሮ ተኝቷል።

«አባዬ፣ ና እይ። በቀኝ በኩል አሠራሁልህ። በደንብ ተሠርቷል፤ መርገጫም አለው።»

ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻው ሳበ።

«አንተ ትይዛለህ አሁን» አለኝ ሳይዞር። «አይቼሃለሁ። ትንሽ ትቀድማለህ እንጂ ትይዛለህ።»

«ያለ አንተ አልችልም» አልኩት። በሕይወቴ ለአባቴ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሬ አላውቅም።

«ሹፌሩ ካወቀ ረዳቱ ይወርዳል» አለ። «መንገድ ላይ እንደዚያ ነው። ሂድ በል፣ በሩን ዝጋው።»

ዘጋሁት። ወጥቼ መኪናዋ ውስጥ በቀኝ በኩል ተቀመጥኩ። ትራሱን በረንዳ ላይ ትቼው ስለነበር ወንበሩ ዝቅ አለብኝ። እግሬን ዘርግቼ ጉሌድ የሠራውን ረገጥኩት። ይይዛል። በጣም ጥሩ ይይዛል። መሪው ጋ ግን ማንም አልነበረም፣ መኪናዋም አትሄድም ነበር።